ዓይናቸው ያበጠ ወፎች፦ ከዋሺንግተን ዲሲ የወፍ ማገገሚያ የሥራ ማስታወሻ

ሜይ 29፣ 2021፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስንመጣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከአሁን በኋላ ወፎች ጋ የሚገባ ሁሉ ጋዋን፣ ጓንትና ማስክ ይለብሳል። ቤቱ ዶሮ ወይም በቀቀን ያለው ሰው ደግሞ ወፎች ጋ አይመደብም። የሚገርመው፣ ይሄ የመጣው ሰዉ የኮሮና ማስኩን ማውለቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ውጭ ሰው ፊቱን ገልጦ ይስቃል፤ እኛ ውስጥ እንደገና ተሸፋፈንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን በዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ የታመሙና የሞቱ ወፎች እያገኙ ነው። ዓይናቸው ያብጣል፣ ዙሪያው ፈሳሽ ይደርቅበትና ቅርፊት ይሠራል፣ ከዚያ ይጋረዳል። አንዳንዶቹ ራሳቸውን መሸከም ያቅታቸዋል። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ መነሳት አይችሉም። አብዛኞቹ በቅርቡ ከጎጆ የወጡ ለጋዎች ናቸው። በብዛት የሚመጡት ግራክል፣ ብሉ ጄይ፣ ስታርሊንግና ሮቢን ናቸው። ግራክል ከቁራ ያነሰ ጥቁር ወፍ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን አንገቱ ሰማያዊና ሐምራዊ ያብረቀርቃል።

ለእኔ ጋዋኑ አዲስ አይደለም። እዚህ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ መደበኛ ሥራዬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ነው፤ አምና ዓመቱን ሙሉ ሳወልቅና ስለብስ ነው የከረምኩት። ሕጉም ያው ነው። ከጤነኛ ተጀምሮ በበሽተኛ ይጨረሳል፤ በሽተኛ ክፍል የገባ ሰው በዚያው ልብስ ወደ ጫጩቶቹ አይመለስም። የኋላው ትንሽ ክፍል የማግለያ ክፍል ሆኗል። በአንድ ሺፍት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባበት። ፎጣው፣ ሳህኑ፣ ወረንጦው ሁሉ የራሱ ነው። በሩ ሥር በረኪና የተነከረ ምንጣፍ አለ፤ ጫማችንን እየረገጥንበት እንወጣለን።

ሐኪሟን ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ናሙና ተልኳል፤ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ይተላለፋል ብለን እንሠራለን አለችኝ።

ጁን 5፣ ቅዳሜ

ሲካዳዎቹ ጆሮ አደነቆሩ። ከዚህ ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች አላያችኋቸው ይሆናል። ቀይ ዓይን ያላቸው ወፍራም በራሪ ነፍሳት ናቸው። ብሩድ ቴን የሚባለው ይሄ ትውልድ 17 ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ የዛፍ ሥር ሲመጥ ኖሮ፣ አፈሩ ሲሞቅ ባንድ ላይ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ባለፈው የወጡት በ2004 ነበር። ዛፉን፣ አጥሩን፣ መኪናውን ሞልተውታል። ወፎቹ ደግሞ ከንጋት እስከ ማታ እነሱን እየለቀሙ ነው። እናም ሰዉ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ወፎቹን የጨረሳቸው ሲካዳው ይሆን? ወይስ ሲካዳው ላይ የተረጨው መድኃኒት?

ማንም የሚያውቅ የለም። ጊዜያቸው ገጥሟል። መግጠሙ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ዛሬ የተመደብኩት ጤነኛ ጫጩቶች ጋ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሥራው ትንሽ ልጻፍ። ላባ ያላበቀሉት ከጠዋት እስከ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ መጉረስ አለባቸው። ግድግዳው ላይ ሰዓት ቆጣሪ አለ። አንዱን ረድፍ ጨርሰሽ እጅሽን ስትታጠቢ ሌላው ረድፍ ደርሷል። ምግቡ በውኃ ርሶ የተፈጨ የድመት ምግብ ነው፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ይጨመርበታል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወይም በወረንጦ ጫፍ ይሰጣል። ውኃ በጠብታ አይሰጥም። ወፍ የምትተነፍስበት ቀዳዳ ያለው እዚያው ከምላሷ ሥር ነው፤ አፏ ላይ ያፈሰስሽው ውኃ ቀጥታ ሳንባዋ ይገባል። የሚጠጡትን የሚያገኙት ከረጠበው ምግብ ነው።

አንዷን የሮቢን ጫጩት ብቻ ላሳያችሁ። ሳጥኑን ነካ ሳደርገው አንገቷን ታንጠራራና አፏን በረገድ ታደርጋለች። ውስጡ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ ብርቱካንማ ቢጫ ነው። ዓይኗ በቅጡ አልተገለጠም። ምግቡን ወደ ጥልቁ አስጠግቼ ጫን አደርጋለሁ፤ ጉርሻው በስሱ የአንገቷ ቆዳ ውስጥ ሲወርድ ይታያል። ከዚያ ትንሽ ቆም ትላለች። ትዞራለች፣ ኋላዋን ወደ ላይ ታነሳለች፣ እንደተላጠ ነጭ ሽንኩርት የነጣ ኩስ ትጥላለች። ኩሱ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ በወረንጦ ሲያነሱት አይፈርጥም። ጎጆ ውስጥ ብትሆን ኖሮ እናትየዋ ወይም አባትየው አንጠልጥለው ወስደው ይጥሉት ነበር። ዛሬ ያ ሥራ የኔ ነው።

ከጫጩቶቹ ጋር አናወራም። ሰውን እናቴ ነው ብለው እንዳይለምዱ ከየዘራቸው ጋር አብረው ይቀመጣሉ፤ እኛም አጉርሰን ዘወር ነው። ይሄን ማታ ለእማዬ ስነግራት፣ «አታናግሯቸውም? ታዲያ ምን ዓይነት ሞግዚት ናችሁ?» አለችኝ።

ጁን 12፣ ቅዳሜ

በዚህ ሳምንት የመንግሥት መግለጫ ወጣ። የዱር እንስሳት በሽታንም የሚያጠናው የዩናይትድ ስቴትስ ጂኦሎጂካል ሰርቬይና የየአካባቢው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያወጡት ነው። ምክሩ አጭር ነው። የወፍ መመገቢያችሁንና የወፍ መታጠቢያችሁን አውርዱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡት። ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ። ድመትና ውሻችሁን ከታመሙና ከሞቱ ወፎች አርቁ።

መመገቢያው ለምን? በጫካ የማይገናኙ ወፎች አንድ ሳህን ላይ ስለሚገናኙ። ለዚህ አካባቢ ይሄ የመጀመሪያ ትምህርት አይደለም። በ1994 ሃውስ ፊንች የሚባሉትን ትንንሽ ወፎች ዓይን የሚያሳብጥ በሽታ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ዋሺንግተን ዙሪያ ነበር። ያኔ ምክንያቱ የዶሮዎች ባክቴሪያ፣ ማይኮፕላዝማ፣ ሆኖ ተገኘ፤ በመመገቢያዎች ላይ እየተዛመተም ሩቅ ሄደ። የቆዩት በጎ ፈቃደኞች አሁን ዓይን ያበጠ ወፍ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት እሱን ነው። ግን ያኛው የፊንቾች በሽታ ነበር። አሁን የሚመጡት ግራክልና ብሉ ጄይ ናቸው፤ መንቀጥቀጡና መውደቁም ሌላ ነገር ነው።

መግለጫው ከወጣ በኋላ ስልኩ ዕረፍት የለውም። እኔም ዛሬ ስልክ ላይ ነኝ። እውነቴን ነው፣ ከማግለያው ክፍል ይልቅ የደከመኝ እዚህ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው የሚደወልልን ስለ በሽተኛ ወፍ አይደለም።

ጁን ላይ የትም ብትሄዱ ሣር ላይ የምትዘል፣ ጅራቷ ያላደገ፣ ለመብረር የምትንደፋደፍ ወፍ አለች። አልታመመችም። ከጎጆ ወጥታ መብረር እየተለማመደች ነው። እናትና አባቷ ዛፉ ላይ ሆነው እያዩ ነው፤ መሬት ድረስ ወርደው ያጎርሷታል። በሌላ ዓመት ሰው አይቷት ያልፋል። ዘንድሮ ግን ዜናውን የሰማ ሁሉ «መብረር አቅቷታል፣ ታማለች» ብሎ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣታል። ጤነኛዋን ከወላጆቿ ነጥሎ በሽታ ወዳለበት ቤት ማምጣት ማለት ነው።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምጠይቀው አንድ ዓይነት ነው። ዓይኗ ንጹህ ነው? ሰው ሲቀርባት ትሸሻለች? ቅርንጫፍ ብታገኝ ቆንጥጣ ትቆማለች? አዎ ከሆነ፣ እባክዎ ይተዋት። ድመት ካለ ቁጥቋጦ ላይ ያውጧት። የሰው እጅ የነካትን እናቷ ትተዋታለች የሚባለው ልክ አይደለም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሲባል ሰምቻለሁ። ዓይኗ ካበጠ፣ ከተጣበቀ፣ ወይም አንገቷ ከተጣመመ ግን ክዳኑ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ያስገቧትና ይደውሉ። ምግብ የለም፣ ውኃ የለም፣ ጨለማና ጸጥታ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሰው የውኃ ካርቶን ታቅፈው በር ላይ ቆሙ። ታክሲ ነው የሚነዱት። ባጄ ላይ ስሜን አነበቡና፣

«ሐበሻ ነሽ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። ምን ይዘው መጡ?»

«ጆርጂያ አቬኑ ላይ መንገድ መሃል ተቀምጣ። መኪና ይደፍጥጣት? ተሳፋሪው እስኪወርድ ጠብቄ አነሳኋት። ውኃ ልሰጣት ነበር፣ ልጄ በስልክ ተው አለችኝ።»

«ልጅዎ ትባረክ።»

ለጋ ሮቢን ናት። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ ከካርቶኑ ልታመልጥ ትታገላለች። በሌላ ቦታ ብትገኝ መልሰው ያስቀምጧት እል ነበር፤ የአስፋልት መሃል ግን መልሱ የሚባልበት አይደለም። ሐኪሟ አየቻት። ምንም የላትም። ካነሱበት ቦታ አጠገብ ዛፍ ያለበት ግቢ ስለነበረ፣ እዚያው አጥሩ ሥር እንዲያስቀምጧትና ከሩቅ እንዲያዩ ተነገራቸው። «ታክሲዬን አቁሜ ወፍ ልጠብቅ?» ብለው ሳቁ። ማታ ደወሉ። እናቷ ትል ይዛ መጣች አሉኝ። እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ አይመጣም።

ጁን 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ የማግለያው ተረኛ እኔ ነኝ።

ጠዋት የገባችው ብሉ ጄይ ካርቶኑ ጥግ ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር። የራሷ ጉትዬ ገና ማደጉ ነው፤ የክንፏ ሰማያዊ ግን ሙሉ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ ተደፍነዋል። ቅርፊቱ ቢጫ ነው፤ ጠርዙ ላይ ላባዋን አጣብቆታል። ሐኪሟ ለብ ባለ የጨው ውኃ ጥጥ ነክራ አስቀመጠችበት። አልቸኮለችም። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በትንሹ ተነሳ፣ የዓይን ቆብዋ ተላቀቀ። ከሥሩ ያለው ዓይን ጥቁር መሆን ሲገባው ደመና ለብሷል። መብራት ስናሳያት አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ራሷ ወደ ኋላ መጠምዘዝ ጀመረ፤ እግሮቿ ተዘረጉ፣ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። እጄ ላይ ሆና ልቧ ሲመታ በጓንቱ ውስጥ ይሰማኛል።

ሐኪሟ በመድኃኒት አሳረፈቻት። እንዲህ ሆነው ከሚመጡት የሚድኑ ጥቂት ናቸው፤ ማቆየቱ ማሰቃየት ነው። ሬሳዋ በድርብ ከረጢት ታሽጎ ቀኑና የተገኘችበት መንገድ ተጽፎበት ፍሪዘር ገባ። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ለምርመራ ይላካሉ፤ አንዱ ላቦራቶሪ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ያለው ብሔራዊ የዱር እንስሳት ጤና ማዕከል ነው። ጆርጂያና ፔንሲልቬኒያ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎችም እየመረመሩ ነው።

በማግለያ ክፍል የሚሠራው ሥራ ከሞላ ጎደል እጥበት ነው። እዚህ ወፍ ሲታከም የሚዋል የሚመስለው ሰው ይምጣና ይየው። ኬጅ ይፈታል፣ ይፈተጋል፣ በረኪና ይነካዋል፣ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ፎጣ ለብቻው ታሽጎ በፍል ውኃ ይታጠባል። ጋዋኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይወልቃል። አዲስ የመጣች ኮሌጅ ተማሪ ጋዋኑን ከአንገቷ ጎትታ ልታወልቅ ስትል ያዝኳትና አሳየኋት። «የት ተማርሽው?» አለችኝ። አምና፣ አልኳት። ገባት።

ስለ ስታርሊንጎቹ አንድ ነገር። ይሄ ወፍ የአገሩ አይደለም። በ1890 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ከአውሮፓ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ አሁን አህጉሩን ሞልቶታል። የአገሬው ወፎች በ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ይጠበቃሉ፤ ስታርሊንግ አይጠበቅም። ቦታ ሲጠብ ታዲያ «ለእሱ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። እኔ አልስማማም። በሽታው ዘር አልለየም፤ ያመመው ስታርሊንግም የሚናገረው አለው። በዚያ ላይ እኔ ራሴ መጤ ነኝ።

ጁን 26፣ ቅዳሜ

የሰኔ ጾም ገብቷል። እማዬ ዛሬ ከሥራ ስመለስ ልብሴን አሽትታ፣ «በጾም የድመት ሥጋ ስታቦኪ ዋልሽ?» አለች። የድመት ምግብ እንጂ የድመት ሥጋ አይደለም አልኳት። ልዩነቱን አልተቀበለችም።

ከእማዬ ጋር ያለው ትልቁ ጉዳይ ግን በረንዳው ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ በየጠዋቱ የእንጀራ ፍርፋሪ ለወፍ ትበትናለች። ድምቢጦቹ ሰዓቷን ያውቃሉ፤ መጋረጃው ሲነሳ የበረንዳው አጥር ላይ ይሰለፋሉ። ባለፈው ሳምንት አቁሚ ማለት ነበረብኝ። መመገቢያ ማለት የተገዛው ፕላስቲክ ብቻ አይደለም፤ የእሷም በረንዳ መመገቢያ ነው።

«እግዜር የሚመግባቸውን እኔ ከለከልኩ ልባል?»

«እሱ ይመግባቸዋል። አሁን ሲካዳው፣ ትሉ፣ ፍሬው ሞልቷል። አንቺ ጋ ሲሰበሰቡ ነው የሚተላለፈው።»

«ኮሮና ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እንደተዘጋው በይኛ።»

«እንደሱ።»

ዝም አለች። ማግስቱን በረንዳውን በበረኪና አጥባ ጠበቀችኝ። አንድ ነገር ግን ደብቃ ነበር፤ ከመንገድ ያነሳችውን የብሉ ጄይ ላባ መጽሐፏ ውስጥ አድርጋዋለች። በዚያው በ1918ቱ ሕግ ላባውን ማስቀመጥ እንኳ አይፈቀድም ስላት፣ «ወፏ ራሷ የጣለችውን? አሜሪካ ግን!» አለች። ላባው ወደ ዛፉ ሥር ተመለሰ።

ጁላይ 3፣ ቅዳሜ

አዲስ መግለጫ አለ፤ ሁላችንም በየስልካችን እያነበብን ነው። የበሽታው ምክንያት አልተገኘም። የተገኘው ያልሆነው ነው። ሳልሞኔላና ክላሚድያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች አይደሉም። የወፍ ጉንፋን አይደለም። በትንኝ የሚተላለፈው የዌስት ናይል ቫይረስ አይደለም። የዶሮ ፈንግል የምንለው የኒውካስል በሽታ አይደለም። ሄርፒስና የፈንጣጣ ቫይረሶች አይደሉም። ትሪኮሞናስ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም አይደለም። ሰው፣ ከብት ወይም ዶሮ በዚህ ታመመ የሚል ሪፖርትም የለም። ሪፖርት የሚመጣባቸው ግዛቶች ግን በዝተዋል፤ ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ኬንታኪ፣ ፔንሲልቬኒያ ገብተዋል።

ስልክ ላይ ለሚጠይቀኝ ሰው ይሄን ማስረዳት ከባድ ነው። የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ትልቅ ዜና ነው፤ ቢሆን ኖሮ የዶሮ እርባታው ሁሉ ይናጥ ነበር። ሰው ግን «ታዲያ ምንድን ነው?» ነው የሚለው። አንዱ ፈረንጅ፣ 5ጂ ነው ብሎ ተሟገተኝ። ለአምስት ደቂቃ ሰማሁትና፣ መመገቢያህን አውርደሃል ወይ አልኩት። አላወረደም።

በዚህ መሃል ጫጩቶቹ አደጉ። የጁን መጀመሪያ ሮቢኖች ዛሬ ውጭ ወዳለው ሰፊ ኬጅ ተዛወሩ። እጅ ማየት እንዲጠሉ ምግባቸው አፈር ባለበት ትሪ ላይ ነው የሚቀርበው፤ ትሉን ቆፍረው ማውጣት አለባቸው። አንዷ ራሷን ዘንበል አድርጋ አፈሩን አየች፣ ወጋችው፣ ባዶ ነበር። ሁለተኛ ወጋች። ትሉ ወጣ። ሌላዋ ነጠቀቻት።

ጁላይ 17፣ ቅዳሜ

ሲካዳዎቹ አልቀዋል። ጸጥታው ራሱ ይሰማል። ዓይን ያበጠ ወፍም እየቀነሰ ነው። ዛሬ በማግለያው ክፍል አንድ ግራክል ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ ዓይኑ ነው የተጎዳው፣ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ይበላል። ሐኪሟ ተስፋ አላት፤ ጠብታው በቀን ሦስቴ ይሰጠዋል። ሲሰጠው ይነክሳል። ሲነክስ ደስ ይለናል።

ሮቢኖቹ ተለቀቁ። በሩ ተከፈተ፣ እኛ ራቅን፣ ሁለቱ ወዲያው ወጡ፣ ሌሎቹ ምሳ ሰዓት ድረስ ትሪው ላይ ቆዩ። ሥነ ሥርዓት የለውም።

ከሲካዳው ጋር አብሮ መጥቶ አብሮ መሄዱን ሁሉም ያወራል። እኔም እጠረጥራለሁ። ግን ጥርጣሬ ነው፤ ደግሞ የጁላይ አጋማሽ ጫጩት የሚቀንስበት ጊዜም ነው።

ኦገስት 14፣ ቅዳሜ

ሪፖርቱ ስለቀነሰ የአካባቢው መሥሪያ ቤቶች መመገቢያ መልሶ መስቀል ይቻላል ብለዋል። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ በየሳምንቱ ይታጠብ፣ የታመመ ወፍ ከታየ ወዲያው ይውረድ። ምክንያቱ እስካሁን አልተገኘም።

የማግለያውን ክፍል ዛሬ ፈታነው። ፎጣዎቹ ተጣሉ፣ ግድግዳው ታጠበ። ግራክሉ ባለፈው ሳምንት በሁለቱም ዓይኑ እያየ ሄዷል። ጋዋን አሁንም ለታመሙ ወፎች ይለበሳል፤ ያ ሕግ ይቀጥላል ተብሏል፣ ጥሩ ነው።

እማዬ በረንዳውን ልክፈት ወይ አለች። ክፈቺ፣ ግን ፍርፋሪው ሲያድር ይጠረጋል፣ ሳምንት ሳምንት በበረኪና አልኳት። እንጀራውም ይቀንስ፤ ለወፍ ጥሬ እህል ይሻላል። ጤፍ ልትበትን ነው። በዚህ አገር የጤፍ ዋጋ!

የሴፕቴምበር መመዝገቢያ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሚፈልሱ ወፎች በሌሊት ያልፋሉ፤ መብራት እየሳባቸው ከሕንፃ መስታወት ጋር ይላተማሉ። ጎሕ ሲቀድ መሃል ከተማ እየዞረ የወደቁትን የሚያነሳ ሰው ይፈለጋል። የወረቀት ከረጢት፣ የእጅ ባትሪና ጓንት ከአዘጋጆቹ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ተመዝግቤያለሁ።